"እርጅና ነው" ከማለት በፊት፦ ሶሻል ወርከር አረጋውያን ቤት ምን ይሠራል?

አንዲት የ74 ዓመት እናት እናስብ። ስም አንሰጣቸውም፣ እማማ ብቻ እንበላቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። አንዱ ልጃቸው ዱባይ ነው፣ አንዷ አሜሪካ ናት፣ ትንሿ አብራቸው አዲስ አበባ ትኖራለች። ዕድሜያቸውን ከኖሩበት ሰፈር ተነስተው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገብተዋል። ድሮ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር፣ አሁን ትተዋል። ምግብ ሲቀርብላቸው ሁለት ጉርሻ ጎርሰው "በቃኝ" ይላሉ። አንድ ቀን ድስት ጥደው ረሱትና ቤቱ በጭስ ታፈነ። ልጆቹ ማታ በኢሞ ተነጋገሩ። የደረሱበት ነገር ሁለት ቃል ነው፦ "እርጅና ነው።"

ሁለቱ ቃላት የማይሸፍኑት ነገር የለም። ድብርት፣ የመርሳት ሕመም፣ የተዛባ መድኃኒት፣ ኢንፌክሽን፣ ሐዘን፣ አንዳንዴም ቤት ውስጥ ያለ በደል ከሥራቸው ይደበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 14 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር አለባቸው። ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት። አብዛኞቹ የለባቸውም ማለት ነው። እርጅና ብቻውን ሰውን እንዲህ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሽማግሌ እንደ እማማ በሆነ ነበር።

ሶሻል ወርከር የሚባለው ባለሙያ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። "እርጅና ነው" የሚለውን መልስ አልቀበልም ብሎ።

ለመሆኑ ሶሻል ወርከር ማነው?

በወግ ስሙ "የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ" ይባላል። ሐኪም አይደለም፣ መድኃኒት አያዝም። ነርስም አይደለም። ዘይትና ዱቄት አዳይ ነው የሚሉም አሉ፣ እሱም አይደለም።

ለእኔ የሚቀርበው ምሳሌ ደላላ ነው። ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ። ደላላ ማን ምን እንደሚፈልግና የት እንደሚገኝ ያውቃል፣ ሁለቱን ያገናኛል። ሶሻል ወርከሯም እንዲሁ ናት። ሐኪሙ ደም ግፊቱን ሲለካ፣ እሷ መድኃኒቱን ማን እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚያስታውሳቸው፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ትጠይቃለች። ልዩነቱ ሌላም አለ። ደላላ ቤቱን ካገናኘ በኋላ ስልኩን ላያነሳ ይችላል፣ እሷ ግን ተመልሳ መጥታ "እንዴት ሆነ?" ማለት ግዴታዋ ነው። በዚያ ላይ ማማከርንም ተምራለች፣ ስለዚህ ወሬዋ ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

ሙያው ለብዙዎቻችን እንግዳ የሆነበት ምክንያት አለ። አገራችን ውስጥ የሶሻል ወርክ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በደርግ ዘመን ተቋረጠ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ መልሶ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። መሐል ላይ አንድ ሙሉ ትውልድ ሶሻል ወርከር ሳያይ አደገ። እናቶቻችን "ምን ልታደርጊ ነው የመጣሽው?" ቢሏት አይፈረድባቸውም።

ቤት መጥታ ምን ታያለች?

መጀመሪያ የምትጋፈጠው "ተመስገን"ን ነው።

"እማማ፣ ደህና ነዎት?"
"ተመስገን።"
"ይበላሉ?"
"ምን ጎድሎብኝ ልጄ።"
"እንቅልፍስ?"
"ምን አለበት፣ እሱ እንደፈቀደ።"

በዚህ ቢያበቃ ቅጹ ላይ "ችግር የለም" ተብሎ ይጻፋል። ተመስገን ማለት ጨዋነት ነው፣ እምነትም ነው። ግን በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ሥራውን የምታውቅ ሶሻል ወርከር "ይበላሉ?" ብላ አትጠይቅም። "ትናንት ማታ ምን በሉ? ማን ሠራው? ስንት ሰዓት ላይ?" ትላለች። ለዚህ ተመስገን መልስ አይሆንም።

"ይደብርዎታል?" ብላም አትጀምርም። የእኛ አዛውንቶች ሆዳቸው ሲከፋ የሚናገረው ሰውነታቸው ነው። "ልቤን ይጫነኛል"፣ "አናቴን ያቃጥለኛል"፣ "ጎኔን ይወጋኛል"፣ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ"። ሐኪሙ ልብን መርምሮ "ምንም የለም" ይላል። እውነቱን ነው፣ ልባቸው ላይ ምንም የለም።

ከዚያ ቤቱን ታያለች። ሰላይ ሆና አይደለም፣ ቡና እየጠጣች።

እማማ ቤት አራት ነገር አየች እንበል። አንደኛው ደረጃው ነው። ሊፍት የለም። እሷ ራሷ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ተነፈሰች። የእማማ ጉልበት ደግሞ ያማቸዋል። ቤተ ክርስቲያን የቀሩት ስሜታቸው ስለጠፋ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ሁለተኛው ምድጃው ነው። ዕድሜ ልካቸውን በከሰል የሠሩ ሴት አሁን የኤሌክትሪክ ምድጃ ተሰጥቷቸዋል። ፍሙ አይታይም። የአንድ ዓይናቸው ብሌን ደግሞ ነጣ ብሏል፣ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው አንድ ጥቁር ፌስታል ነው። መድኃኒታቸውን በሙሉ የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። አንዱ የደም ግፊት መድኃኒት በሁለት የተለያየ ስም፣ በሁለት ካርቶን ይገኛል። አንዱን ጤና ጣቢያው ሰጣቸው፣ ሌላውን ልጃቸው ከውጭ ላከች። ሁለቱንም ይውጣሉ። ከመቀመጫቸው ሲነሱ የሚያዞራቸው ለምን እንደሆነ ፍንጭ ተገኘ።

አራተኛው የባለቤታቸው ኮት ነው። አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ድብርት ነው ወይስ መርሳት?

ቤተሰብ በጣም የሚያምታታው ይህ ነው። በመብራት ልግለጸው፣ መብራት ሁላችንም ላይ የተጫወተ ነገር ስለሆነ።

የመርሳት ሕመም ማለት አምፖሎቹ አንድ በአንድ ሲቃጠሉ ነው። በዓመታት ውስጥ፣ ቀስ እያለ ይመጣል። መጀመሪያ ኮሪደሩ ይጨልማል፣ ቀጥሎ ጓዳው። ከእነዚህ ሕመሞች በብዛት የሚታየው አልዛይመር ነው፣ ከመቶው ከ60 እስከ 70 ያህሉን ይይዛል።

ድብርት ሌላ ነው። አምፖሎቹ ደህና ናቸው፣ ግን መጋረጃው ተዘግቷል። ሰውየው ማስታወስ አቅቶት ሳይሆን ለማስታወስ ጉጉት አጥቶ "እኔንጃ" ይላል። ድብርት ይታከማል፣ በ80 ዓመትም ቢሆን።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። መብራቱ ድንገት ይቆራረጣል። ትናንት ደህና የነበሩ እናት ዛሬ ልጃቸውን በሌላ ስም ይጠራሉ፣ ማታ ይባባሳል፣ ጠዋት ይሻላቸዋል። ይህ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚመጣ መቃወስ ነው። ከጀርባው ብዙ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ ማነስ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት አለ። ይህን ያየች ሶሻል ወርከር ቅጽ መሙላቷን ትታ "ዛሬውኑ ሐኪም ቤት" ትላለች።

ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ሐኪም ነው። ታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም መርሳት ሊመስሉ ስለሚችሉ የደም ምርመራ ያዛል። የሶሻል ወርከሯ ድርሻ ሐኪሙ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የማያገኘውን ታሪክ ይዞ መቅረብ ነው። መቼ ጀመረ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ እያለ? ከሐዘኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ለማጣራት የሚረዱ የጥያቄ ወረቀቶች አሉ። አንዱ በተለይ ለአረጋውያን የተዘጋጀ ሲሆን አዎ ወይም አይ የሚባሉ 15 የድብርት ጥያቄዎች አሉት። ለማስታወስ ችሎታም እንዲሁ መጠይቆች አሉ። ግን ፊደል ላልቆጠረች እናት "የሰዓት ሥዕል ሳዪልኝ" ወይም "ከመቶ ሰባት ሰባት ቀንሺ" ማለት ትምህርት ቤት መግባቷን መፈተን ነው እንጂ አእምሮዋን አይደለም። "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ሲባሉ ዝም ያሉ እናት፣ "ዛሬ የማን ቀን ነው?" ሲባሉ "ምነው፣ ገብርኤል አይደል!" ይላሉ። ቀኑ 19 ነው። አልተሳሳቱም። ለሙስሊሟ እናት ደግሞ ጁምዓ ስንት ቀን እንደቀረው መጠየቅ ይቻላል።

"ምነው በወሰደኝ" ሲሉስ?

የእኛ አዛውንቶች ይህን ቡና ላይም ይሉታል። ብዙ ጊዜ የንግግር ልማድ ነው። አንዳንዴ ግን አይደለም። በዓለም ላይ ራሳቸውን ከሚያጠፉ ሰዎች ሩብ ያህሉ 60 ዓመት የሞላቸው ናቸው።

ሶሻል ወርከሯ ስትሰማው አትደነግጥም፣ አትቆጣም፣ "እንዲህ አይባልም" ብላም አታልፈውም። በቀጥታ ትጠይቃለች። "እማማ፣ እሱ ይውሰደኝ ነው የሚሉት ወይስ ራስዎን ለመጉዳት ያስባሉ?" መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣባቸዋል ብለው የሚሰጉ አሉ። አያመጣም፣ እንዲያውም ብዙዎች ሸክሙን የሚያወርዱት ያኔ ነው። ሐሳቡ እንዳለ ካወቀች ብቻቸውን አትተዋቸውም፣ ቤት ውስጥ ያለውን አደገኛ ነገር ታስነሳለች፣ በዚያው ቀን ሕክምና እንዲያገኙ ታደርጋለች። የሰው ሚስጥር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው። ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ግን ሚስጥሩ እዚያ ላይ ያበቃል፣ ይህንንም ከመጀመሪያው ትነግራቸዋለች።

አየች፣ ጠየቀች። ከዚያስ?

ከዚያ ዕቅድ ይወጣል። ዕቅድ ሲባል ትልቅ ሰነድ እንዳይመስላችሁ። የእማማ ዕቅድ አንድ ገጽ አይሞላም።

መድኃኒቱ ከነፌስታሉ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ የተደገመው ይወጣል። ለዓይኑ ሪፈር ይጻፋል። የሞራ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ አያሳድርም። የሕክምናው ወጪ ሲነሳ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አላቸው ወይ ተብሎ ይታያል። መዋጮውን መክፈል ለማይችል ድሀ ቤተሰብ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፣ ግን ወረዳው ስም ዝርዝር ውስጥ ለመግባት የሚሮጥ እግር ይፈልጋል። እማማ እግር የላቸውም፣ ሶሻል ወርከሯ ትሮጣለች። ምንም ገቢ የሌላቸው ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ የከተማ ሴፍቲኔቱ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን የሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ አለ።

ቀጥሎ ጡረታው። ባለቤታቸው የመንግሥት ጡረተኛ ነበሩ። በሕጉ ሚስት የሟች ባሏን ጡረታ 50 በመቶ ታገኛለች። ስምንት ወር ሙሉ ወረቀቱን የተከታተለ የለም፣ ልጆቹ ከሐዘኑ ገና አልወጡም። የጋብቻና የሞት ማስረጃ ተፈለገ። ይህ የአእምሮ ጤና ሥራ ይመስላል? ነው። በልጅ እጅ መኖርና በራስ ቦርሳ ቡና መግዛት ለአንድ አዛውንት አንድ አይደለም።

ከዚያ እድሩ። የድሮው ሰፈር እድር አልፈረሰም፣ ግን እማማ ደረጃውና መንገዱ ስለማይሆንላቸው ሐዘን ቤት መገኘት አቆሙ። መዋጮው ቀጥሏል፣ ሰዉ ግን ጠፍቷል። ሶሻል ወርከሯ ለእድሩ ዳኛ ደወለች። ሁለት የድሮ ጎረቤቶች በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ሊመጡ ተስማሙ። ብቸኝነት በመድኃኒት አይለቅም፣ በእትዬ እገሌ ወሬ ግን ይለቃል። በቅርብ ዓመታት ከቆየ ሰፈራቸው ተነስተው ራቅ ወዳለ ቦታ የገቡ ብዙ አዛውንቶች አሉ። አዲሱ ቤት ውሃም መጸዳጃም ይኖረው ይሆናል። "እሳት ልጫር" ብሎ የሚገባ ጎረቤት ግን አብሮ አይጓዝም።

ለድብርቱ ራሱ ደግሞ ማማከር አለ፣ ሐኪም ካመነበት መድኃኒትም አለ። ከማማከሩ ዘዴዎች አንዱ በጣም ቀላል ይመስላል፦ ደስ እስኪል ሳይጠብቁ ትንሽ ነገር መሥራት። ሰኞ ምስር መልቀም። ረቡዕ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ወርዶ ከጎረቤት ጋር ፀሐይ መሞቅ። ሥራው ስሜቱን ይጎትተዋል እንጂ አይጠብቀውም። ሌላው ዘዴ የሕይወት ታሪካቸውን ማስተረክ ነው። ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 አረጋውያን ያለፈውን እያነሱ ማውራታቸው መጃጀት ሳይሆን ዕድሜያቸውን የሚያስታርቁበት ሥራ ነው ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ሶሻል ወርከሯ ኮቱን "አንሱት" አላለችም። "የማን ኮት ነው?" አለች። አንድ ሰዓት አወሩ። እማማ ያለቀሱት ያኔ ነው፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጠበሉስ? ጾሙስ?

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ጠበል ነው። ይህን የሚንቅ ባለሙያ በሁለተኛው ቀን በር አይከፈትለትም። ጥሩዋ ሶሻል ወርከር የምትለምነው አንድ ነገር ነው፦ ጠበሉ ይቀጥል፣ መድኃኒቱ አይቋረጥ።

ጾም ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይረቅቃል። ክኒን መዋጥን ጾም እንደ መፍታት የሚቆጥሩ እናቶች የጠዋቱን ክኒን ይዘሉታል። የምግብ ፍላጎት ያጣ ሰውም "ጾም ነው" ብሎ ይደበቃል። እዚህ ላይ ከሐኪም ይልቅ የነፍስ አባት ቃል ይሰማል። አንድ ስልክ ደውሎ "አባ፣ እርስዎ ይንገሩልን" ማለት የአንድ ወር ምክር ይተካል። በረመዳንም ኢማሙን ማማከር እንዲሁ ይሠራል።

በደል ካለስ?

ይህን ማንበብ ደስ አይልም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከስድስት አረጋውያን አንዱ በዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል። በደል ሲባል ዱላ ብቻ አይደለም። ጡረታቸውን ተቀብሎ አለመስጠት፣ በቤታቸው ላይ ሳይገባቸው ማስፈረም፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ መዝጋት፣ መስደብ፣ ሆን ብሎ አለማጠብ ሁሉ በደል ነው።

ለዚህ ነው ሶሻል ወርከር ሁሌም ጥቂት ደቂቃ ከአዛውንቱ ጋር ብቻዋን ለመሆን የምትጠይቀው። ልጆች ሲቀየሙ አያለሁ፣ ግን የተጠረጠረ ሰው የለም፣ የሙያው ደንብ ነው። ውክልና ሲነሳም የምትጠይቀው አዛውንቱ የሚፈርሙትን ያውቁታል ወይ የሚለውን ነው። የመርሳት ሕመም ጅማሬ ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ቢያዘገይ ይጎዳል። ልቦናቸው ሳለ ያልተነጋገሩበት ነገር በኋላ ፍርድ ቤት ያደርሳል።

የምታስታምመዋ ልጅስ?

ትንሿን ልጅ ረሳናት አይደል? ሁሉም ይረሳታል። ወንድሟ ብር ይልካል፣ እህቷ ምክር ትልካለች። ሌሊት የምትነሳው እሷ ናት። ሥራ ታረፍዳለች፣ ትቆጣለች፣ ከዚያ "እናቴን ተቆጣሁ" ብላ ታለቅሳለች። ጧሪ መሆን ምርቃት ስለሆነ "ደከመኝ" ማለት እርግማን ይመስላታል።

ሶሻል ወርከሯ ሦስቱንም በቪዲዮ አገናኘቻቸው። ከዱባይ የሚመጣው ብር ላይ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣ ሠራተኛ ደመወዝ ተጨመረ። አሜሪካ ያለችው ማታ ማታ ለእማማ እየደወለች መድኃኒታቸውን ታስውጣለች፣ እዚያ ቀን ነው። ትንሿ ቅዳሜ ከሰዓት ከቤት ትወጣለች። የት እንደምትሄድ አይጠየቅም።

ልጆቻቸው ጋ ውጭ አገር የሄዱትስ?

ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ አንባቢዎች ይህን ያውቁታል። እማማ በግሪን ካርድ መጡ። ልጆች ለሥራ፣ የልጅ ልጆች ለትምህርት ሲወጡ ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ናቸው። መኪና አይነዱም፣ ቋንቋው የለም፣ የልጅ ልጁ "ሃይ አያ" ብሎ ክፍሉን ይዘጋል። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድንም ወዲያው የለም። 65 ዓመት የሞላው አዲስ ነዋሪ በክፍያም ቢሆን ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት መኖር አለበት።

እዚያ ሶሻል ወርከሯን የሚያገኟት ሆስፒታል ሲተኙ ነው። ከመውጣታቸው በፊት ቤት ማን እንዳለ የምትጠይቀው እሷ ናት። በየካውንቲው ያለው የአረጋውያን ቢሮ ምን እንዳለው፣ ቀን የሚዋልበት ማዕከል የት እንደሆነም ታውቃለች። አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ አስተርጓሚ ጠይቁ። በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የ12 ዓመት የልጅ ልጅ ፊት "ራስዎን ለመጉዳት ያስባሉ?" የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

የት ትገኛለች?

አገር ቤት ከሆናችሁ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። ትልልቅ ሆስፒታሎችም ሶሻል ወርከር አላቸው፣ ካርድ ክፍል ጠይቁ። ቤት ለቤት የምትዞረዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም መንገዱን ታሳያለች። ጧሪ ለሌላቸው እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት አሉ። ግን ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ አንዷ የምትሸከመው ሰው ብዙ ነው። ዛሬ ደውላችሁ ነገ ላትመጣ ትችላለች።

ስትመጣ መድኃኒቱን ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ሰብስቡላት፣ ጊዜው ያለፈበትንም ሳይቀር። ለውጡ የጀመረበትን ወር አስታውሱ። እማማን "እንግዳ ይመጣል" ብላችሁ አዲስ ቀሚስ አልብሳችሁ፣ ቤቱን አስውባችሁ አትጠብቋት፣ ማየት የመጣችው የዘወትሩን ነው። "ትንሽ ብቻችንን እናውራ" ስትል ደግሞ አትቀየሙ። ቡናው ገና አልተፈላም፣ ሂዱና አፍሉ።